የኦዞን አለርት (የአየር ብክለት ማስጠንቀቂያ) በመጣ ቁጥር "መኪና አትንዱ" ይሉናል። እኔ የምኖረው በመንዳት ነው፣ ልጄ ደግሞ አስም አለበት። ኮሚሽኑ ፊት ቀርቤ ልናገር?

የናቲ አባት፣ አውሮራ ኮሎራዶ

እንደምን ናችሁ ወገኖች፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አውሮራ ነው የምኖረው፣ ኡበርና ሊፍት እሰራለሁ፣ ከኤርፖርት ዳውንታውን ከዳውንታውን ኤርፖርት፣ እንግዲህ 9 አመቴ። የ10 አመት ልጅ አለኝ፣ አስም አለበት። ስኖው ሲጥል ደህና ነው፣ የሚብስበት ሰመር ላይ ነው፣ በተለይ ጁላይና ኦገስት። ጭስ የለ፣ ደመና የለ፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እሱ ግን ማታ ማታ ደረቱ ሲያፏጭ ያድራል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ 4 ፒኤም ላይ ኳስ ልምምድ ወሰድኩት። ሲሮጥ ቆይቶ ደረቱን ይዞ መጣ፣ ኢንሄለሩን ሁለቴ ሰጠሁት አልመለሰለትም፣ ደገምኩለት፣ ከንፈሩ መልኩ ሲቀየር ሳይ አንስቼው ኢመርጀንሲ ሄድኩ። እግዚአብሔር ይመስገን በኔቡላይዘር ተረጋጋ፣ ሌሊቱን ግን እዛው አደርን። ያየችው ሐኪም "ዛሬ የኦዞን አለርት ቀን እንደነበረ አይተሃል?" ብላ ጠየቀችኝ። ጠዋት ስልኬ ላይ መጥቶ ነበር፣ በእንግሊዝኛ፣ አይቼዋለሁ። የሰደድ እሳት ጭስ ሲኖር የሚላከው መስሎኝ በመስኮት ሰማዩን አየሁና ጥርት ብሎ ስላገኘሁት ተውኩት። ይሄ ነገር እስከዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ቤት ስገባ መልእክቱን ከፍቼ በደንብ አነበብኩት። መንዳት ቀንሱ፣ ቤንዚን ከመሸ በኋላ ቅዱ፣ ሞተር አስነስታችሁ አትቁሙ ይላል። እኔ ቀኑን ሙሉ የምሰራው እሱኑ ነው። ታዲያ ልጄን ያሳመምኩት እኔው ነኝ ማለት ነው? ደግሞ እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው ኦዞን ከፀሐይ የሚከላከልልን ጥሩ ነገር ነው፣ "ሳሳ ተበሳ" ሲባል ነው ያደግነው፣ አሁን በዛ ይባላል፣ ይሄንንም የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ሌላው፣ ሰው ወደ ሰሜን ሳደርስ ከብራይተን አልፎ ግራና ቀኙ የነዳጅ ጉድጓድና ታንክ ነው። አለርት በሚወጣበት ቀን እነሱስ የሚቀንሱት ነገር አለ ወይ?

ልጄ ትምህርት ቤት በራሪ ወረቀት ሰጥተውት መጣ፣ የስቴቱ የአየር ጥራት ኮሚሽን ስለ ኦዞን የህዝብ አስተያየት ይሰማል ይላል። እንግሊዝኛዬ ለስራ ይበቃኛል፣ እንደዚህ አይነት ቦታ ቆሞ ለመናገር ግን እፈራለሁ። መናገር ጥቅም አለው? ምንስ ብዬ ነው የምናገረው? የምታውቁ እርዱኝ።


ሲስተር፣ ደንቨር

ወንድሜ መጀመሪያ እንኳን ልጁን ማረልህ። ራስህን አትውቀስ፣ እኔ በዚህ ሙያ 14 አመት ሰርቼ ስንት ወላጅ ሰማዩን አይቶ "ዛሬማ ደህና ነው" ብሎ ልጁን ሜዳ እንደወሰደ አይቻለሁ። ኦዞን አይታይም፣ ጋዝ ነው። ጥርት ያለ ፀሐይ መኖሩ ራሱ ነው ኦዞኑን የሚሰራው፣ ስለዚህ በሰማዩ መልክ አትመን።

ሳንባ ላይ የሚያደርገውን ባጭሩ ልንገርህ። ቤት ውስጥ በርበሬ ሲታመስ ገብተህ ታውቅ የለ፣ ጉሮሮህ ተቆጥቶ ሳል የሚያጣድፍህ? ኦዞን የአየር መተላለፊያውን ውስጠኛ ሽፋን እንደዛ ነው የሚያስቆጣው፣ ያብጣል፣ ይጠብባል፣ አስም ያለበት ልጅ ደግሞ ቱቦው ከድሮውም ጠባብ ነው። ልጅ ሲሮጥ በአፉ በጥልቀት ስለሚተነፍስ ብዙ ይገባዋል። አንዳንዴ ደግሞ በዛው ቀን ሳይሆን በማግስቱ ነው የሚጥለው፣ ስለዚህ የትናንቱንም አለርት አስታውስ።

አለርቱ ላይ ቀለም አለ። የአየር ጥራት ቁጥሩ ከ101 እስከ 150 ሲሆን ብርቱካናማ ነው፣ "ለተጋላጭ ሰዎች ጎጂ" ማለት ነው፣ ናቲ ተጋላጭ ነው፣ ለሱ ብርቱካናማው እንደ ቀይ ነው። ኦዞን የሚከማቸው ከቀትር ጀምሮ እስከ ማምሻ ነው፣ ጠዋት ግን ዝቅተኛ ነው። አሰልጣኙን አነጋግረው፣ በአለርት ቀን ልምምዱ ጠዋት ይሁን ወይ ጂም ውስጥ ይሁን በለው፣ ሌሎቹ ልጆችም ይጠቀማሉ።

ማስክ ኦዞን አይከለክልም፣ ኤን95ም ቢሆን ለጭስ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። ቤት ውስጥ መስኮት ዘግቶ ኤሲ ማብራት ይረዳል፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን አሮጌ ቤት ስለምንከራይ ያለን ስዋምፕ ኩለር ነው፣ እሱ የውጪውን አየር ነው ስቦ የሚያስገባው፣ ስለዚህ በዛ ሰዓት ልጁ የሚቀመጥበት ክፍል በሩም መስኮቱም ይዘጋ። "ኦዞን ያመነጫል" ተብሎ የሚሸጥ አየር ማጣሪያ አለ፣ እባካችሁ እንዳትገዙ፣ እሱ መርዙን ቤታችሁ ውስጥ ነው የሚሰራው። ሄፓ ፊልተር ለአቧራና ለጭስ ጥሩ ነው፣ ኦዞንን ግን አይዝም፣ የሚይዘው የከሰል ፊልተር ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ቅር አይበላችሁ። የቡና ቁሌትና ዕጣን ኦዞን አይደሉም፣ ግን ኦዞን ባስቆጣው ሳንባ ላይ ሲጨመሩ ልጁን ይጥሉታል። በአለርት ቀን ቡናው ውጪ ይቆላ። ፍልሰታ ደግሞ የሚውለው በዚሁ በኦገስት ነው፣ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ሲያልቅ ህፃናቱ ፓርኪንጉ ውስጥ ይሯሯጣሉ፣ መኪናው ሁሉ ኤሲ አብርቶ ሞተሩ እየሰራ ቆሞ ይጠብቃል። የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዎች ካነበባችሁት ይሄን አስቡበት።

በየቀኑ የሚወስደው መከላከያ ኢንሄለር ታዞለት ከሆነ "ደህና ሆኗል" ብለህ እንዳታቋርጥበት፣ ሰመር ከመግባቱ በፊት ዶክተሩን አስማ አክሽን ፕላን (ሲብስበት ምን እንደሚደረግ የሚናገር እቅድ) አጻፈው፣ አንዱን ኮፒ ለትምህርት ቤቱ ስጥ።

ስለ ኮሚሽኑ ደግሞ፣ ሂድ። ሐኪም ስለ ሳንባ ሲያወራ ብዙ ሰምተዋል፣ አባት ስለ ልጁ ሲናገር መስማት ግን ሌላ ነው።


የቀድሞ ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ሎንግሞንት

ወዳጄ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጎንደር ሳስተምር ተማሪዎቼም ይጠይቁኝ ነበር። ኦዞን ያው ኦዞን ነው፣ 3 የኦክስጅን አቶም፣ ልዩነቱ ያለበት ቦታ ነው። ላይ ስትራቶስፌር ውስጥ ከመሬት ከ15 ኪሎሜትር በላይ ሲሆን የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይይዝልናል፣ እኛ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲሆን ያቃጥለናል። የላዩ ሳሳ የተባለው ከፍሪጅና ከስፕሬይ በሚወጣው ጋዝ ነው፣ የታቹ በዛ የተባለው በሌላ ምክንያት ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም።

የታቹን ኦዞን ከየትም ቱቦ ሲወጣ አታየውም፣ ማንም በቀጥታ አይለቀውም። ጠላ ሲጠመቅ አስበው፣ ጌሾ ብቻውን ጠላ አይሆንም፣ ብቅል ብቻውንም አይሆንም፣ ሁለቱ ተገናኝተው ሙቀትና ጊዜ ሲያገኙ ነው የሚፈላው። እዚህም አንዱ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው፣ ነዳጅ በተቃጠለበት ሁሉ ይወጣል፣ ከመኪና፣ ከጭነት መኪና፣ ከመብራት ማመንጫ፣ ከነዳጅ ቁፋሮ ሞተር። ሁለተኛው ተናኝ ኬሚካል ነው፣ የቤንዚን ትነት፣ ቀለም፣ ቲነር፣ ከነዳጅ ታንክና ከጋዝ መስመር የሚያመልጠው። ሦስተኛው ፀሐይ ነው፣ የደንቨር ፀሐይ ደግሞ በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ኃይለኛ ነው። "ከመሸ በኋላ ቅዱ" የሚሉህ ለዚህ ነው፣ ትነቱ ማታ ቢወጣ ፀሐይ አታገኘውም።

ነፋሱም አለ። ጠዋት ከመንገዱና የነዳጅ ጉድጓዶቹ ካሉበት ከዌልድ ካውንቲ የወጣው ነገር ቀን መሬቱ ሲሞቅ ወደ ተራራው ይገፋል፣ እየሄደ ይበስላል። ለዚህ ነው ከፍተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሃይዌይ አጠገብ ሳይሆን ጎልደንና ሮኪ ፍላትስ አካባቢ ባሉት መለኪያዎች የሚመዘገበው። ሃይዌዩ ዳር ትኩሱ ጭስ ውስጥ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞኑን መልሶ ስለሚበላው ቁጥሩ እዛ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ችግሩ ግን ወደሚቀጥለው ሰፈር ሄደ እንጂ አልጠፋም።

አሁን "እኔ ነኝ ወይ" ላልከው። በ2014 ሰመር እዚሁ ቦልደር ያለው የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ከናሳ ጋር ሆኖ በአውሮፕላን ጭምር አየሩን ለክቶ ነበር። የደረሱበት፣ እዚሁ ከሚመረተው ኦዞን ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሁለቱ ተሽከርካሪዎችና ዘይትና ጋዝ ማምረቻው ናቸው የሚል ነው። ዌልድ ካውንቲ ብቻውን ከኮሎራዶ ድፍድፍ ነዳጅ ከ80% በላይ ያመርታል። እውነት ለመናገር ከሌላ ስቴት፣ ከባህር ማዶና ከሰደድ እሳት ተገፍቶ የሚመጣም ብዙ አለ፣ ኩባንያዎቹ ይሄን ደጋግመው ያነሳሉ፣ ውሸትም አይደለም። ግን ብርጭቆው ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ከመጣ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚያፈሰው እኛ የምንጨምረው ነው፣ እኛ ልንቆጣጠረው የምንችለውም እሱን ነው።

ህጉን ደግሞ እወቀው፣ ስትናገር ይጠቅምሃል። ኢፒኤ (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት) ለኦዞን ያወጣው ጣሪያ በ1997 80 ነበር፣ በ2008 75 ሆነ፣ በ2015 70 ሆነ፣ ማለትም ከ1 ቢሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 70 ኦዞን፣ በ8 ሰዓት አማካይ። ደንቨርና ሰሜኑ የ75ቱን ጣሪያ ሳያሟላ ቀነ ገደቡ ደጋግሞ አለፈበት። እስከ 2019 ስቴቱ "የመጣብን ከውጪ ነው፣ ጊዜ ይራዘምልን" እያለ ነበር፣ በዛ አመት የስቴቱ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ ጥያቄውን መልሰው ወሰዱት፣ ጤና ይቀድማል ብለው። ከዛ በ2022 ኢፒኤ አካባቢውን "ከባድ" የሚለው ደረጃ ውስጥ አስገባው፣ አዲሱ ቀነ ገደብ ጁላይ 2027 ነው። ደረጃው ሲወርድ ህጉ ራሱ ይጠነክራል፣ በአመት 50 ቶን ሲለቅ ነበር ትልቅ በካይ የሚባለው፣ አሁን 25 ቶን የሚለቅም ጠበቅ ያለ ፈቃድ ያስፈልገዋል።


ሹፌር ነኝ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ሁሉ ህግ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው። ከ2024 ጁን 1 ጀምሮ ሰመር ላይ አዲስ አይነት ቤንዚን ግዴታ ነው ተባለ፣ ጭማሪውን የሚከፍለው ማነው? እኔ ነኝ፣ በቀን 200 ማይል እነዳለሁ። ኢሚሽን ቴስት (የመኪና ጭስ ምርመራ) 25 ዶላር፣ ቼክ ኢንጅን ከበራ ደግሞ ስንት መቶ፣ ኤሌክትሪክ ግዙ ይሉናል አፓርታማዬ ቻርጀር የለውም። የናቲ አባት ሂድ ተናገር፣ ግን ይሄንንም ንገራቸው፣ ልጆቻችን እንዲተነፍሱ እንፈልጋለን፣ ሂሳቡ ግን ለብቻችን አይምጣብን። ባቡሩ ከኤርፖርት ወጥቶ ሰው የሚሰራበት ሰዓት ላይ በየቦታው ቢደርስ ስንቱ የጽዳትና የካርጎ ሰራተኛ መኪና ባልነዳ ነበር።


የቀድሞ ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ሎንግሞንት

ልክ ነህ፣ ቅሬታህ ተገቢ ነው። ቤንዚኑን በተመለከተ ግን ማንም ከመሬት ተነስቶ የወሰነው አይደለም፣ የንፁህ አየር ህጉ "ከባድ" ደረጃ ውስጥ የገባን አካባቢ በሙሉ ያስገድዳል፣ ሎስ አንጀለስ ከ1995 ጀምሮ አለ። በቀላሉ የማይተን ቤንዚን ነው፣ ስትቀዳ የሚሸትህ ነገር ቀነሰ ማለት ነው፣ ያንን ሽታ ደግሞ ከማንም በላይ የምትተነፍሰው አንተ ነህ።

ትራንዚቱን ስላነሳህ፣ በ2022 ኦገስት አርቲዲ (የደንቨር አካባቢ አውቶቡስና ባቡር) አንድ ወር ሙሉ በነፃ ነበር፣ በ2023 ጁላይና ኦገስት ደገሙት፣ ምክንያቱ ኦዞን ነበር። ከዛ ለሁሉም ነፃ መሆኑ ቀረ፣ አሁን እስከ 19 አመት ያሉ ልጆች ናቸው በነፃ የሚሄዱት። በ2024 ሜይ ላይ ደግሞ በዘይትና ጋዝ ምርት ላይ ክፍያ የሚጥል ህግ ወጣ፣ ከሚሰበሰበው 80% ለትራንዚት እንዲሆን ነው። ይሄ ያንተ መልስ አንዱ ክፍል ነው፣ ብሩ በሌሊት ሽፍት ለሚሰሩ ሰፈሮች ይዋል ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ እንዲያውም አሁን ነው መጠየቅ ያለበት።


ጋራዡ፣ አውሮራ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ብዙ የአበሻ መኪና በእጄ ያልፋል፣ ስለዚህ የማየውን ልንገራችሁ። ቼክ ኢንጅን በርቶ 6 ወር የሚነዱ አሉ፣ ብዙ ጊዜ የቤንዚን ክዳን ነው፣ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ትነቱ ቀኑን ሙሉ ይወጣል፣ ጥቂት ብር ነው ዋጋው። ካታሊቲክ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) የተሰረቀበት ሰው በቀጥታ ቱቦ እንድበይድለት ይለምነኛል፣ አልሰራም፣ ህጉ ስለሚከለክል ብቻ አይደለም፣ ያ መኪና ካታሊቲክ ካለው ጋር ሲነፃፀር የሚተፋው ብዙ እጥፍ ነው፣ ማታ ደግሞ የራሱን ልጆች ይዞ ነው የሚሄደው።

ኤርፖርት ወረፋ ላይ የምትጠብቁ፣ አዲስ መኪና ላይ ጥላ ፈልጎ ማጥፋት ይሻላል፣ ደንቨር ከተማ ውስጥ በአንድ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ሞተር አስነስቶ መቆም ድሮም ክልክል ነው። የቤንዚን መቅጃው ጠመንጃ ጠቅ ካለ በኋላ ቤንዚን አትጨምሩ፣ ሞልቶ ሲተርፍ ትነት የሚይዘውን ከሰል ያበላሸዋል፣ ጥገናው ደግሞ ውድ ነው።

አሮጌ መኪና አስረክቦ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይር ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ስቴቱ ድጎማ አለው፣ ያገለገለም መግዛት ይቻላል። ገንዘቡ ቶሎ ስለሚያልቅ ፎርሙ ከመከፈቱ አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ሳር የምታጭዱና የግቢ ስራ ያላችሁም ከ2024 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ማጨጃና ብሎወር (ቅጠል መንፊያ) ስትገዙ 30% ቅናሽ አለ፣ የሚቀነሰው እዛው ካሸሩ ጋ ነው።


ከግሪሊ

እኔ የምሰራው እዛው የነዳጅ ሜዳ ላይ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ከመንገድ የምታዩት ታንክ ላይ። 7 ሰው ነው የማስተዳድረው፣ እዚህና አገር ቤት። ስለዚህ "ይዘጋ" የሚል ነገር ስሰማ ሆዴ ይባባል፣ በ2024 መጀመሪያ አዲስ ቁፋሮ በ2030 ይቁም የሚል ረቂቅ መጥቶ ሲወድቅ ተንፍሻለሁ፣ አልዋሻችሁም።

ግን የናቲ አባት የጠየቅከውን የሚያውቅ ሰው መመለስ አለበት። አዎ፣ ያመልጣል። ታንክ ላይ ክዳን አለ፣ ከላይ ተከፍቶ የሚለካበት፣ ላስቲኩ ካረጀ ወይ በደንብ ካልተዘጋ ጋዙ ቀኑን ሙሉ ይወጣል፣ በአይን አታየውም፣ በኢንፍራሬድ ካሜራ ስታየው ግን እንደ ድስት እንፋሎት ይጎርፋል። ቫልቭ የሚከፍቱና የሚዘጉ መቆጣጠሪያዎች አሉ፣ ድሮ በራሱ በጋዙ ግፊት ነበር የሚሰሩት፣ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ትንሽ ይተፋሉ፣ እንደዚህ አይነቱ በሺዎች ነው የሚቆጠረው። ጉድጓዱ ውኃ ሲሞላበት ደግሞ ለማስለቀቅ ወደ አየር የሚለቀቅበት ጊዜ አለ።

ኮሎራዶ በ2014 ከሁሉም ስቴት ቀድማ ሚቴን ላይ (የተፈጥሮ ጋዙ ዋና ክፍል ነው) ደንብ ስታወጣ፣ በ2019 ደግሞ ህጉ ተቀይሮ ጤናና ደህንነት ይቅደም ሲባል፣ ሜዳው ላይ "ስራ አለቀ" ተብሎ ነበር። አላለቀም። እኔ ራሴ አሁን የምሰራው በነዛ ደንቦች ምክንያት የመጣ ስራ ነው፣ ካሜራ ይዤ ጋዝ የሚያመልጥበትን ቦታ እፈልጋለሁ፣ ተገኝቶ ይጠገናል። መቆጣጠሪያው በታመቀ አየር እየተቀየረ ነው። አሁን ደግሞ የዘይትና ጋዝ ዘርፉ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀቱን በ2030 በ2017 ከነበረው በግማሽ እንዲቀንስ በህግ ተቀምጧል፣ የቁፋሮ ሞተሩ ከዲዝል ወደ ኤሌክትሪክ የሚሄደው ለዛ ነው።

አለርት ቀን ላይ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ፣ ጉድጓድ ማስለቀቅ፣ ታንክ ማጽዳት፣ ቀለም መቀባት፣ መሣሪያ ላይ ነዳጅ መሙላት፣ እነዚህ በአብዛኛው ወደ ማታ ወይ ወደ ሌላ ቀን ሊሸጋገሩ ይችላሉ። በደንብ የሚያዘጋጅ ሱፐርቫይዘር ያለው ቡድን ያደርገዋል። "ሁሉም ያድርገው፣ መዝግቦም ያሳይ" ብለህ ብትጠይቅ እኔ ስራዬን የሚያሳጣኝ ነገር አይታየኝም። ስሜን ግን አትጥራ።


የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ኮሎራዶ አይደለሁም ግን ስለመናገሩ ልንገርህ ብዬ ነው። እኛ ጋ ሰመር ላይ "ኮድ ቀይ" ሲባል ልጆች ከግቢ እንዳይወጡ ይደረግ ነበር፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ነበር፣ አሁን ቀዩ በጣም ቀንሷል። በራሱ አልቀነሰም። የኛ ኦዞን ብዙው ከምዕራብ ተገፍቶ የሚመጣ ነው፣ ከኦሃዮ ሸለቆ የከሰል ማመንጫዎችም ጭምር፣ በ1990 የተሻሻለው ህግ ከሰሜን ቨርጂኒያ እስከ ሜይን ያለውን አካባቢ አንድ ላይ አስሮ እንዲሰራ አደረገው፣ በ1998 ኢፒኤ 22 ስቴቶችን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ቀንሱ አለ፣ ሜሪላንድም በ2006 የራሷን ማመንጫዎች የሚያስገድድ ህግ አወጣች። ሁሉም ግን ተጠብቆ የሚቆይ ነገር አይደለም፣ በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጎረቤት ስቴት ጭስን የሚገድበውን አዲሱን የኢፒኤ እቅድ አግዶታል።

እኔ የተናገርኩት በትንሽ ነገር ላይ ነበር፣ በቅጠል መንፊያው ብሎወር ላይ። የምንኖርበት አፓርታማ በሳምንት ሁለት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያጓራል፣ የቤንዚኑ ሽታ ቤት ድረስ ይገባል፣ ታናሽ ልጄ ያስላታል። የካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ ያወጣውን አነበብኩ፣ የባለሙያ ብሎወር ለ1 ሰዓት ሲሰራ ኦዞን ከሚያመጣው ነገር የሚለቀው፣ ቶዮታ ካምሪ መኪና 1,100 ማይል ሲነዳ ከሚለቀው ጋር እኩል ነው፣ ከሎስ አንጀለስ እናንተ ጋ ደንቨር ድረስ ማለት ነው። የካውንቲያችን ካውንስል ፊት ቆሜ እሱን ነገርኳቸው፣ ስለ ልጄ ነገርኳቸው፣ ብሎወሩን ተሸክሞ ስለሚውለውም ሰውዬ ነገርኳቸው፣ እሱም ከኛው ሰፈር ነው፣ ከሁላችን በላይ የሚተነፍሰው እሱ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 ህጉን አሳለፈ፣ ከጁላይ 2024 መሸጥ፣ ከጁላይ 2025 መጠቀም ተከለከለ። እኔ አመጣሁት አልልም፣ ብዙ ሰው ለአመታት ደክሞበታል፣ ግን አንዷ ካውንስል አባል ኋላ ላይ ስትናገር ስለ ሰውዬው ያልኩትን አነሳችው።

ስለዚህ ምክሬ፣ ስለ ሁሉም ነገር አትናገር። የሚሰጥህ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ ያየኸው ነገር፣ አንድ ወይ ሁለት የምትጠይቀው ነገር፣ በቃ። በአማርኛ ተናገር፣ አስተርጓሚ ቀደም ብለህ በኢሜይል ጠይቅ። የናንተ ስቴት በ2021 ባወጣው የአካባቢ ፍትህ ህግ ኮሚሽኑ ብክለት የበዛባቸውን ሰፈሮች ሰዎች ፈልጎ እንዲሰማ ግዴታ አለበት፣ ስለዚህ ውለታ እየለመንክ አይደለም። በዙም መግባትም፣ በጽሁፍ መላክም ይቻላል።


የናቲ አባት፣ አውሮራ ኮሎራዶ

ወገኖቼ ምን እላለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሌሊት ስራ ጨርሼ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። የግሪሊው ወንድሜ፣ ስምህን አላነሳም፣ ከየት እንደሰማሁትም አልናገርም።

እንደዚህ ብዬ ጻፍኩ፣ እስኪ እዩልኝ፣

"ይቅርታ፣ እንግሊዝኛዬ ጥሩ ስላልሆነ በአማርኛ ነው የምናገረው። አውሮራ የምኖር ሹፌር ነኝ። ልጄ 10 አመቱ ነው። የአለርቱ ቀን ጠዋት መልእክቱ ስልኬ ላይ ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ስለ ጭስ መስሎኝ ኳስ ሜዳ ወሰድኩት። ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። እኔ የምነዳውን ልቀንስ ዝግጁ ነኝ፣ ከመሸ በኋላ እቀዳለሁ፣ ቆሜ ስጠብቅ ሞተር አጠፋለሁ፣ አሁንም እያደረግሁት ነው። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ አለርቱ በአማርኛም ይላክልን፣ ኦዞን የማይታይ መሆኑንና ልጆች በስንት ሰዓት ከውጪ መግባት እንዳለባቸው በሁለት መስመር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ እኔ በዛ ቀን መንዳት እንድቀንስ እንደተጠየቅኩ ሁሉ፣ የነዳጅ ማምረቻዎችም በዛ ቀን ሊዘገይ የሚችለውን ስራ እንዲያዘገዩና ማዘግየታቸውን እንዲመዘግቡ ደንብ ወጥቶ ይገደዱ።"

ትራንዚቱንም ልጨምር ፈልጌ ነበር፣ ግን ሦስት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። የሹፌሩ ወንድሜ አንተ እሱን ይዘህ ብትመጣ?


ሹፌር ነኝ

እመጣለሁ። ባቡሩን እኔ እናገራለሁ፣ አንተ የጀመርከውን ጨርስ።


የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ጥሩ ነው። "ይቅርታ" የሚለውን የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር አውጣው፣ በአማርኛ ስለተናገርክ ይቅርታ የምትጠይቅበት ምክንያት የለም። ከልጁ ጀምር። "አሁንም እያደረግሁት ነው" የሚለውን እንዳታወጣው፣ እሱ ጠቃሚ ነው፣ የምትጠይቀውን አንተ አስቀድመህ እንደጀመርክ ያሳያል።


ሲስተር፣ ደንቨር

እንግሊዝኛውን እኔ ዛሬ ማታ ተርጉሜ በግል እልክልሃለሁ፣ አስተርጓሚው ቀድሞ እንዲያየው አብረህ ላከው። የከንፈሩን ነገር ሰው "ከበደ" ቢልህም እንዳታወጣው። የናቲ መከላከያ ኢንሄለርስ?


የናቲ አባት፣ አውሮራ ኮሎራዶ

ታዞለት ነበር፣ ስፕሪንግ ላይ ደህና ሲሆን አቁሜበት ነበር። ትናንት ዶክተሩ ጋ ወስጄው እንደገና ጀመረ፣ ፕላኑንም ጻፉልን፣ አንዱን ኮፒ ለአሰልጣኙ ሰጠሁት፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አለርት ካለ ልምምዱ 8 ኤኤም ላይ ነው ብሏል። አስተርጓሚ ጠይቄያለሁ፣ የአማርኛ ብዬ። "ይቅርታ" የሚለውን አውጥቼዋለሁ፣ ከንፈሩን አላወጣሁትም።